ስለ ቀይ ወይን ጠጅ ኮምጣጣነትና ስለ አቀማመጡ

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድንናገር የተጠየቅነው ስለ ወይን ጠጅ ነው። ከመካከላችን መጠጥ የማይቀምሱ ወንድሞችና እኅቶች እንዳሉ እናውቃለን። ለደጋሽ ሁሉ የሚጠቅም ምክር ነውና ጥቂት ታገሡን።

የኛን ነገር ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ልጃችን ገና ተማሪ ሳለች ለሠርጓ ይሆናል ብለን አንድ ካርቶን ቀይ ወይን ጠጅ ገዛንና ከማድ ቤቱ ግድግዳ ሥር ደርድረን አቆምነው። ወይን ሲቆይ ይጥማል ሲባል ሰምተን ነበር። ዘጠኝ ዓመት ተቀመጠ። የሠርጉ ዕለት አማቾች ፊት ሲከፈት አቼቶ ሆኖ ተገኘ! ያን ቀን ጠጃችሁን በገንቦና በጀሪካን ተሸክማችሁ ባትደርሱልን ምን ይውጠን ነበር? ሻጩን ስናማ ከረምን። ኋላ ነገሩን ስንመረምረው ግን ጥፋቱ የራሳችን ነበር።

አንደኛ፣ ኮምጣጣነት ሁሉ አንድ አይደለም። የወይኑ ፍሬ ከተክሉ ይዞት የሚመጣ አሲድ አለ፤ ዋናዎቹም ታርታሪክና ማሊክ ይባላሉ። በአንድ ሊትር ቀይ ወይን ጠጅ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ግራም ያህል አሲድ ይገኛል። ይህም ጨው ለወጥ እንደሆነው ነው፤ ሲያንስ መጠጡ ለዛ ያጣል፣ ሲበዛ ጥርስ ያጠርሳል። ያልበሰለ ሙዝ ሲነከስ ምላስ የሚይዘው ዓይነት ነገር፣ ማለትም ታኒን የሚባለው፣ በቀይ ወይን ውስጥም አለ። አሲዱ ሲበዛ ታኒኑም ይበልጥ ይከረክራል። ስለዚህ ሁለቱ ከአልኮሉና ከፍሬው ጣዕም ጋር መመዛዘን አለባቸው።

አቼቶ የሚያደርገው ግን ሌላ ነው፤ አሴቲክ አሲድ ይባላል። ይኸውም አየር ሲገባ ባክቴሪያ ከአልኮሉ የሚሠራው ነው። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር በ1866 እ.ኤ.አ. ስለ ወይን ባወጣው መጽሐፍ የወይን ጠጅ በሽታዎች በዓይን ከማይታዩ ሕዋሳት እንደሚመጡ አስረድቷል።

ሁለተኛ፣ የፍሬው አሲድ ጠባቂ ነው። የአሲድ ኃይል በፒኤች ሲለካ ቀይ ወይን ባብዛኛው ከ3.3 እስከ 3.7 ላይ ይውላል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ኃይሉ ይበረታል። አሲዱ ከደከመ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ለመከላከያ የሚጨመረው ሰልፋይት ጉልበት ያጣል፣ ባክቴሪያም ይመቸዋል። ፍሬው ሲበስል ሙቀት ማሊኩን ይጨርሰዋል፣ ብርድ ሌሊት ግን ያቆይለታል። በአገራችን በዝዋይ (ባቱ) አካባቢ የሚለማው ወይን ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ግድም መሆኑ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ ማቆየት አሲዱን እምብዛም አይቀንሰውም። የሚለሰልሰው ታኒኑ ነው፤ እየተያያዘ አተላ ሆኖ ይዘቅጣል። እንግዲህ ሲገዛ ከልክ በላይ የኮመጠጠ ወይን ከዐሥር ዓመት በኋላም ኮምጣጣ ነው። እንዲያውም የፍሬው ጣዕም ስለሚጠፋ ይብስበታል። የኢጣሊያው ባሮሎ ኔቢዮሎ ከሚባል አሲዱም ታኒኑም ከበረታ ወይን ይሠራል። በሕጉ ቢያንስ 38 ወር ሳይቆይ አይሸጥም፣ ጥሩው ዓሥርት ዓመታት ይቆያል። በየሱቁ የምናገኘው ተራ ወይን ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠጣ የተሠራ ነው። እኛ የተሳሳትነው ሁለቱን አንድ አድርገን ነው። ጠርሙሱን አቁመነው ቡሹ ደረቀ፣ አየር አስገባ፣ የማድ ቤቱ ሙቀትም የቀረውን ጨረሰው።

እንግዲህ ምክራችን ይህ ነው። ለሠርግ የሚሆን ወይን በሠርጉ ዓመት ይገዛ። ቡሽ ያለው ጠርሙስ ተጋድሞ፣ ቀዝቀዝ ባለና ጨለም ባለ ቦታ ይቀመጥ። ከሥሩ ስኳር የመሰለ ጠጠር ብታገኙ አትደንግጡ፤ የታርታሪክ ጨው ነው እንጂ የጠርሙስ ስባሪ አይደለም፣ አይጎዳም። የተከፈተውንም በሁለት በሦስት ቀን ጨርሱት። ከሁሉ በላይ ከድግሱ ቀደም ብላችሁ አንዱን ከፍታችሁ ቅመሱ። እኛ ይህን ብናደርግ ኖሮ አማቾቻችን ፊት ባላፈርን ነበር።

ያን ቀን ለደረሳችሁልን ጎረቤቶቻችን ዛሬም ምስጋናችን የጸና ነው። እድራችንን ያጽናልን።