በሩቅ ያለው ባልደረባ

(በሬዲዮ ከተነገረ ንግግር)



በዛሬው ንግግሬ ላነሣው ያሰብሁት፤ ከፊሉ ሠራተኛ በአዲስ አበባ፤ ከፊሉ በአዳማ፤ በሞጆ ወይም በሻሸመኔ፤ አንዳንዱም በመኖሪያ ቤቱ ሆኖ የሚሠራበት መሥሪያ ቤት እንዴት አንድ ልብ ሊኖረው እንደሚችል ነው፡፡ ይህ ነገር ለብዙ ሰዎች አዲስ ይመስላቸዋል፡፡ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ፤ መንግሥት አብዛኞቹ የፌዴራል ሠራተኞች በቤታቸው ሆነው እንዲሠሩ ማዘዙ ይታወሳል፡፡ ከዚያም ወዲህ በስልክና በኢንተርኔት መሰብሰብ የተለመደ ሆኗል፡፡ ነገር ግን ተራርቆ አብሮ መሥራት በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ዘንድ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፡፡

የምድር ባቡርን ነገር እናስታውስ፡፡ በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተጀመረው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ገባ፡፡ ርዝመቱ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፡፡ የኩባንያው ሠራተኞች በአዋሽ፤ በመተሐራ፤ ለብዙ ዘመን ናዝሬት ትባል በነበረችው በአዳማ፤ በሞጆም ተበታትነው ይኖሩ ነበር፡፡ ሐዲዱ ነጠላ ነበርና፤ ከወዲህ የተነሣው ባቡር ከወዲያ ከሚመጣው ጋር እንዳይጋጭ፤ የአንዱ ጣቢያ ሹም ከሚቀጥለው ጣቢያ ሹም ጋር ሳይነጋገር ባቡር ሊለቅ አይገባውም ነበር፡፡ አዘውትረው የማይተያዩ ሁለት ሰዎች፤ አንዱ የሌላውን ቃል አምኖ ስንቱን መንገደኛ ያሳልፍ እንደ ነበረ አስቡት፡፡ ይህ መተማመን ከጠባይ መልካምነት ብቻ የመጣ አይመስለኝም፡፡ መነጋገሩ በፈቃድ የተተወ ሳይሆን የሥራው ግዴታ ስለ ነበረ ነው፡፡

አሮጌው ባቡር በአዳማ ማለፉን ከተወ ዓመታት ተቈጥረዋል፡፡ ዛሬ ከአዲስ አበባ አዳማ፤ በመስከረም 2007 ዓ.ም. በተመረቀው የፍጥነት መንገድ የጥቂት ጊዜ ጉዞ ነው፡፡ መልእክትም በቴሌግራም በቅጽበት ይደርሳል፤ እርሱም ስሙን ከጥንቱ የሽቦ ቴሌግራም መውረሱ ያስቀኛል፡፡ መንገዱ አጠረ፤ ሐሳብ ግን አሁንም በየመንገዱ ይቀራል፡፡ ምክንያቱም በዋናው መሥሪያ ቤት አምስት ሰዎች ቡና ሲጠጡ የተስማሙበትን ነገር፤ የቅርንጫፉ ሠራተኛ ከሳምንት በኋላ ከባለጉዳይ አፍ ይሰማዋል፡፡ እርሱ ያፍራል፤ ባለጉዳዩም ከመቂ ወይም ከወንጂ የመሣፈሪያውን ከፍሎ መጥቶ «ፋይልዎ አዲስ አበባ ነው፤ ነገ ይመለሱ» ይባላል፡፡ ለእኛ የቢሮ ጉዳይ የሚመስለን ነገር ለእርሱ የቀን ሥራው ነው፡፡

እኔ ራሴ በአንድ መሥሪያ ቤት ስሠራ ያየሁትን ልንገራችሁ፡፡ በአዳማ የሚሠራ አንድ ባልደረባችን አባቱ ያርፋሉ፡፡ እኛ ግን የሰማነው ከወር በኋላ ነው፤ በዚያ ወር ውስጥ በየሳምንቱ በስልክ አነጋግረነዋል፤ የምንጠይቀውም ሪፖርቱ ለምን እንደ ዘገየ ብቻ ነበር፡፡ ያን ጊዜ ለቅሶ ለመድረስ ሄድን፤ እርሱም በአክብሮት ተቀበለን፤ ነገር ግን ፊቱን ቀና አድርጎ አላየንም፡፡ በተመለስን ጊዜ በመኪናው ውስጥ የተናገረ ሰው አልነበረም፡፡

ዓመት በዓል ሲመጣ ድግስ ማድረግና መፈክር የተጻፈበት ካናቴራ ማደል ይህን ጉድለት ይሞላዋል የሚሉ አሉ፡፡ እኔ አልስማማም፡፡ ይልቅስ፤ ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ በስልክ የሚገባ ከሆነ ውይይቱ እርሱ በሚሰማው መንገድ ይካሄድ፤ በክፍሉ ውስጥ በሹክሹክታ የሚጨመር ነገር አይኑር፡፡ የተወሰነውም በዚያው ቀን ተጽፎ ለሁሉም በአንድ ሰዓት ይድረስ፡፡ አለቃም ወደ ቅርንጫፍ ይውረድ፤ ነገር ግን ለቁጥጥር ብቻ አይሁን፡፡ ለቁጥጥር የመጣን አለቃ ሠራተኛው መዝገቡን አስተካክሎ ይጠብቀዋል እንጂ የልቡን አይነግረውም፡፡ ምሳ አብሮ የበላ፤ በመዝገብ ቤቱ መስኮት አጠገብ ቆሞ የባለጉዳዩን ሰልፍ ያየ አለቃ ግን ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ ሌላ ሰው ነው፡፡ እድገትና ትምህርት ሲታደልም በዓይን የሚታየው ብቻ እንዳይታሰብ ስም ዝርዝሩን ከቅርንጫፍ መጀመር ይጠቅማል፡፡

እኛ ከዚያ ለቅሶ በኋላ ያደረግነው ትንሽ ነገር ነው፡፡ ማክሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት በስልክ እንሰበሰባለን፤ አስቀድመን የሥራ ሪፖርት አንጠይቅም፤ የቤተ ሰብ ደኅንነት እንጠያየቃለን፡፡ ከዚያም መጀመሪያ የሚናገሩት የአዳማውና የሻሸመኔው ሰዎች ናቸው፤ የአዲስ አበባዎቹ ቡናችንን እየጠጣን ተራችንን እንጠብቃለን፡፡