የመድኃኒት ፋብሪካ ፍሳሽና መድኃኒት የለመዱ ጀርሞች



በሽተኛ የሚውጠው አንቲባዮቲክ ሁሉ በሰውነቱ ውስጥ አልቆ የሚቀር አይደለም። ከፊሉ ኃይሉን ሳያጣ በሽንትና በዓይነ ምድር ይወጣና ወደ ፍሳሽ ይገባል። በዚያም ደካሞቹን ባክቴሪያዎች ሲገድል፥ መድኃኒቱን የሚቋቋሙት ስፍራውን ይወርሳሉ። የሚያስፈራው ግን ከዚህ የሚቀጥለው ነው። ባክቴሪያ ይህን የመቋቋም ችሎታ ለራሱ ዘር ብቻ ሳይሆን፥ አጠገቡ ለሚገኘው ለባዕድ ዘር ባክቴሪያም ጭምር ሊያካፍል ይችላል። ስለዚህ ጉዳት የሌለው የወንዝ ተሕዋስ ያከማቸው ችሎታ አንድ ቀን በሽታ አምጪ ለሆነው ሊተላለፍ ይችላል ማለት ነው።

የነገሩን ክብደት ለመረዳት ወደ ሕንድ አገር እንመልከት። በሃይደራባድ ከተማ አጠገብ፥ ፓታንቼሩ በሚባል ስፍራ፥ 90 ያህል የመድኃኒት ፋብሪካዎች ፍሳሻቸውን ወደ አንድ ማጣሪያ ይልኩ ነበር። የስዊድኑ ሊቅ ዮአኪም ላርሶን ከባልደረቦቻቸው ጋር ከማጣሪያው የወጣውን ውኃ መርምረው፥ ውጤቱን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2007 ዓ.ም. አሳተሙ። በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ እስከ 31 ሚሊግራም ሲፕሮፍሎክሳሲን ተገኘ። ይህም መድኃኒቱን በሚወስድ በሽተኛ ደም ውስጥ ከሚገኘው መጠን የሚበልጥ ነው። በአንድ ቀን የሚፈስሰው ሁሉ ቢደመር 45 ኪሎግራም ያህል እንደሚሆን ገመቱ። ልብ በሉ፤ ይህ ተጣርቶ የወጣው ውኃ ነው!

ማጣሪያው ራሱ ነገሩን ሳያባብሰው አልቀረም። እንዲህ ያለው ጣቢያ ቆሻሻውን የሚያብላላው በባክቴሪያ ስለ ሆነ፥ ለዚሁ ሥራ እንዲያግዝ ተብሎ ከመኖሪያ ቤት የመጣ ፍሳሽ ይጨመርበት ነበር። የሰውን የአንጀት ባክቴሪያና ይህን ያህል መድኃኒት በአንድ ገንዳ ማዋል፥ ጀርሙን ትምህርት ቤት እንደ ማስገባት ይቆጠራል። ፋብሪካ ፍሳሹን ከሰው ፍሳሽ ጋር ሳያገናኝ፥ ከግቢው ሳያስወጣ ሊያጣራ ይገባዋል እንላለን። የዓለም ጤና ድርጅትም ለአንቲባዮቲክ ፋብሪካዎች ፍሳሽ መመሪያ ያወጣው በ2024 ነው፤ ቢዘገይም መልካም ነው።

የከተማ ፍሳሽን በተመለከተ፥ የተለመደው ማጣሪያ ብዙውን ባክቴሪያ ይቀንሳል እንጂ ሁሉን አያጠፋም፤ ከፊሉም በዝቃጩ ውስጥ ይከማቻል። ስዊዘርላንድ ከ2016 ጀምሮ በተመረጡ ጣቢያዎቿ ላይ ከተለመደው ማጣሪያ በኋላ የመድኃኒት ርዝራዥ እንዲወገድ አዝዛለች፤ ይኸውም በኦዞን ወይም ለዚሁ በተዘጋጀ ከሰል ነው። የአውሮፓ ኅብረትም በ2024 ባወጣው ደንብ፥ ለዚህ ተጨማሪ ማጣሪያ ከሚወጣው ወጪ ቢያንስ 80 በመቶውን የመድኃኒትና የመዋቢያ አምራቾች እንዲከፍሉ ወሰነ። አምራቾቹ በ2025 ክስ መሠረቱ፤ ሒሳብ ሲመጣ ሁሉም ወደ ጎረቤቱ ያያል።

በእኛም አገር ከአዲስ አበባ ፍሳሽ የሚቀላቀልበት የአቃቂ ወንዝ አትክልት ይለማበታል፤ ምርቱም ተመልሶ ወደ ከተማው ገበያ ይመጣል። በላዩ ያለውን ባክቴሪያ፥ መድኃኒት የለመደውንም ቢሆን፥ በሚገባ የበሰለ ጎመን ላይ እሳት ይገድለዋል። ሰላጣ ግን ጥሬውን ይበላል።