ጽሑፍን በየዓይነቱ ስለ መለየት
(በራዲዮ የተደረገ ንግግር)



በጉለሌ፣ ዊንጌት በሚባለው ሰፈር፣ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልና የጄኔራል ዊንጌት ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ተቀራርበው ይገኛሉ። በአንደኛው ሐኪም የጥናት መጽሔት ይመረምራል፤ በሌላው የእጅ ሙያ ተማሪ የሥራ መመሪያ ይገልጣል፤ በጎዳናው የሚያልፈው መንገደኛ ደግሞ ጋዜጣ ያነባል። ሦስቱም አንባቢዎች ናቸው፤ የሚያነቡት ግን አንድ ዓይነት ጽሑፍ አይደለም።

ነገሩን ለማስረዳት ሁላችንም የምናውቀውን እንዶድን እንውሰድ። ዶክተር አክሊሉ ለማ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም.፣ ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የብልሃርዝያ ትል ወደ ሰው ከመድረሱ በፊት በውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ማደግ ግድ ይሆንበታልና፣ ነገሩን መርምረው በ1965 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት አስታወቁ።

የሊቃውንት ጽሑፍ መልኩ ይህ ነው። ጸሐፊው ስሙንና የሚሠራበትን ተቋም ይገልጻል፤ እንዴት እንደ መረመረ፣ ምን ያህል እንደ ለካ፣ ከማን ሥራ እንደ ተነሣ ይዘረዝራል። ያገኘውን ይናገራል እንጂ ከዚያ አያልፍም።

ለሕዝብ የሚጻፈው ጋዜጣ ይህንኑ አሳጥሮና አቅልሎ ያቀርባል። እርሱ ባይኖር ዕውቀቱ ከቤተ መጻሕፍት ባልወጣ ነበርና ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን ሲያሳጥር «እንዶድ ብልሃርዝያን ያጠፋል» ብሎ ቢጽፍ፣ የታመመ ሰው ዘፍዝፎ ሊጠጣው ይችላል። እንዶድ የወንዙን ቀንድ አውጣ የሚገድል እንጂ በሽተኛውን የሚፈውስ አይደለም፤ ቢጠጡትም ሊመርዝ ይችላል። እንግዲህ በአንዲት ቃል ጉድለት ነፍስ ሊጠፋ ነው።

ሦስተኛው የሙያተኛ ጽሑፍ ነው። ሳሙና ሠሪ ለሳሙና ሠሪ ሲጽፍ፣ ፍሬው እንዴት እንደሚደርቅ፣ እንዴት እንደሚፈጭ፣ በስንት እንደሚሸጥ ያስረዳል። ይህን ያህል ሊቁም ጋዜጠኛውም አያውቁለትም። ሆኖም በዚያው ገጽ የሻጭ ማስታወቂያ አይጠፋምና፣ ዕቃ ሲወደስ አወዳሹ ማን እንደ ሆነ መመልከት ያስፈልጋል።

ስለዚህ ከሦስቱ የትኛው ይበልጣል ብላችሁ አትጠይቁ። ማን ጻፈው? ለማን ጻፈው? በምን አረጋገጠው? ብላችሁ ጠይቁ። የሥራን ብልሃትና ዋጋን ከሙያተኛው፣ የዕለቱን ወሬ ከጋዜጣው ፈልጉ። የተነገረው ስለ ጤና ከሆነ ግን፣ ጋዜጣው ነገሩን ከየትኛው ጥናት እንዳገኘው ተከታተሉ፤ ይህም ባይመቻችሁ፣ ከመዋጣችሁ በፊት ሐኪም ጠይቁ።