ላፕቶፕን ከመኪና ስለ መሙላት
(በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ትንሽ ስለሚመስል ጉዳይ ነው፤ ይኸውም መብራት ሲጠፋ ላፕቶፕን ከመኪና ስለ መሙላት ነው። በመካነ ሰላም የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ ከተከፈተ ወዲህ በየኪራይ ቤቱ ላፕቶፕ አለ። የመመረቂያ ጽሑፉን ለማስረከብ ሁለት ቀን የቀረው ተማሪ መብራት ሲሄድበት ግቢ የቆመውን ሚኒባስ ያያል። ባለመኪናውም «ሰካው፣ ምን ቸገረኝ» ይለዋል። ደግነቱ የሚመሰገን ነው፤ አሰካኩን ግን እንነጋገርበት።

ከመሪው አጠገብ ያለችው ቀዳዳ መጀመሪያ ለሲጋራ ማቀጣጠያ የተሠራች ናት። በቤት መኪናና በሚኒባስ የምትሰጠው 12 ቮልት ነው። ላፕቶፕ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 19 ወይም 20 ቮልት ስለሚፈልግ ሽቦ ቆርጦ በቀጥታ ማገናኘት አይሞላውም፤ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ከተገላበጠማ ያቃጥለዋል። ስለዚህ መካከል ላይ ኢንቨርተር ያስፈልጋል፤ 12ቱን ወደ 220 ቮልት ይለውጥና የቤቱ ቻርጀር ይሰካበታል። በታይፕ ሲ የሚሞሉት አዳዲሶቹ ግን ለላፕቶፕ በተሠራ የመኪና ቻርጀር ይሞላሉ፣ ብክነቱም ያንሳል። የስልኩ ትንሽ ቻርጀር አይችለውም፤ ዋቱን አንብቡ።

የጭነት መኪናና አውቶቡስ ያላችሁ ደግሞ ልብ በሉ፤ ብዙዎቹ 24 ቮልት ናቸው። የ12 ቮልት ኢንቨርተር እዚያ የሰካ ሰው ዕቃውን ሲጨስ ያየዋል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ባለ 65 ዋት ላፕቶፕ ብክነቱ ተጨምሮ ከባትሪው ወደ 6 አምፔር ይስባል። ባለ 60 አምፔር ሰዓት ባትሪ 10 ሰዓት ይበቃዋል ማለት ነው፤ ይህ ግን የወረቀት ሒሳብ ነው። የመኪና ባትሪ ሞተር እንዲያስነሳ እንጂ እየተሟጠጠ እንዲሞላ አልተሠራም። ያረጀው ግማሹ ሳይወርድ ሞተሪኖውን ማዞር ያቅተዋል፣ ያውም በእኛ ደጋ የንጋት ብርድ። ሁለት ተማሪ ከተሰካ 12 አምፔር ሆነ። የሶኬቱ ፊውዝ በብዙ መኪና ከ10 እስከ 20 አምፔር ነው፤ ሲቃጠል በሽቦ የሚቀጥሉ አሉ፣ እሳት የሚያመጣው እሱ ነው!

እንግዲህ አስቡት። ሌሊት ምጥ የያዛት እናት ስትኖር፣ አምቡላንስ ቢዘገይ የማንን በር ነው የምናንኳኳው? ይህንኑ ሚኒባስ አይደለም? ባትሪው አልቆ ከተገኘ በጨለማ ገፍተን ልናስነሳ ነው። ሾፌሩም የማለዳ ተሳፋሪውን ያጣል፣ የአዲስ ባትሪን ዋጋ ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

የሚሻለው መኪናው ሲጓዝ መሙላት ነው፤ ዲናሞው የተወሰደውን ይተካል። በአቀስታ በኩል ደሴ የሚወርድ ሰው ላፕቶፑን ሞልቶ ይደርሳል። በቆመ መኪና ከሆነ አንድ ላፕቶፕ፣ ቢበዛ አንድ ሰዓት ይበቃል። ሞተር ሲነሳ ይነቀል፣ ከተነሳ በኋላ ይመለስ። ሞተር አስነስቶ መሙላትም ይቻላል፤ ግን በተዘጋ ጋራዥ ወይም በመኝታ ቤት መስኮት ሥር ፈጽሞ አይሆንም። ጭሱ ውስጥ ያለው መርዝ ሽታ የለውም፤ ቤት ዘግቶ ከሰል ማንደድ የሚያደርሰውን ታውቃላችሁ፣ ያው ነው። ነዳጁን ደግሞ ተማሪዎቹ ያዋጡ፣ ባለመኪናው በደግነቱ አይክሰር።

ኢንቨርተር ያላችሁ ከስብሰባው በኋላ ይዛችሁ ቅረቡ፤ 12 ይሁን 24 ጀርባው ላይ ተጽፏል፣ አብረን እናየዋለን።