ማደሪያ ያለው ፊልም ስለ ምን ይንከራተታል?



«ዓባይ ማደሪያ የለው፤ ግንድ ይዞ ይዞራል» ሲባል ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር ግን ማደሪያ እያለው የሚዞር ነው። ይኸውም በገዛ ቤታችን ሰርቨር ላይ ያኖርነው ፊልም፣ እኛ በሌላ ከተማ ሆነን ልናየው በፈለግን ጊዜ፣ ቀጥተኛውን መንገድ ትቶ በሩቅ ማሽን በኩል ዞሮ፣ ደክሞና ደብዝዞ የሚደርስበት ምክንያት ነው።

ነገሩን ከራሴ ልጀምር። የእናቴ ቤት ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ነው። አባቴ ጡረታ በወጣ ዕለት ባልደረቦቹ ሲሸኙት የተነሣው ፊልም በዚያ ቤት ባለው ሰርቨር ላይ ተቀምጧል። አባቴ ዛሬ በሕይወት የለም፤ ድምፁ የሚገኘው በዚያ ፊልም ብቻ ነው። እኔ በሥራዬ ምክንያት በአዲስ አበባ ስለምኖር፣ በሙት ዓመቱ ዕለት ከልጆቼ ጋር ልናየው ተሰበሰብን። ድምፁ ተቆራረጠ፤ የአባቴም ፊት በጭጋግ ውስጥ እንዳለ ሰው ሆነ። ታናሿ ልጄ «አያቴ የትኛው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። በማግሥቱ የአዲስ አበባውን ቤቴን የኢንተርኔት ፍጥነት ገንዘብ ጨምሬ አሳደግሁት፤ ሥዕሉ ግን እንደ ትናንቱ ነበረ። ምክንያቱ ሳይመረመር የወጣ ገንዘብ ስለ ነበረ ከንቱ ቀረ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ፕሌክስ የተባለው ፕሮግራም በመጀመሪያ ከተመልካቹ ወደ ሰርቨሩ በቀጥታ ለመድረስ ይሞክራል። መንገዱ ተዘግቶ ሲያገኘው በኩባንያው ማሽን በኩል ያስተላልፈዋል፤ ግንኙነቱም ቀጥተኛ እንዳልሆነ በገጹ ላይ ያመለክታል። ከዓባይ ማዶ ወደ መሀል ከተማ ለመሻገር በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የ380 ሜትር ድልድይ እያለ፣ ዕቃን በደንገል ታንኳ ጭኖ ጣናን እንደ መዞር ያለ ነው። ታንኳውም ብዙ አይጭንም፤ በዚህ መንገድ የሚያልፈው ቢበዛ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ነው። ፊልሙ ግን ጥራቱን ይዞ እንዲታይ 8 ሜጋቢት የሚሻ ቢሆን፣ ሰርቨሩ ወደ ሩቡ ሊያሳንሰው ይገደዳል። የመደብዘዙ ምሥጢር ይኸው ነው።

መንገዱስ ስለ ምን ይዘጋል? እኛ የመንግሥት ሠራተኞች በመሥሪያ ቤታችን ከምናውቀው ነገር እንረዳዋለን። አንድ መሥሪያ ቤት ስንት መቶ ሠራተኛ ቢኖረው የፖስታ ሣጥን ቁጥሩ አንድ ነው። የመጣውን ደብዳቤ ለየባለቤቱ የሚያድለው መዝገብ ቤቱ ነው። ከእኛ ለወጣ ደብዳቤ መልስ ሲመጣ መዝገብ ቤቱ ለማን እንደሚሰጥ ያውቃል፤ የተቀባዩ ስም ያልተጻፈበት አዲስ ደብዳቤ ሲመጣ ግን ወደ ማንም አይመራውም። በቤታችንም መዝገብ ቤቱ ራውተሩ ነው። ከውጭ ፊልም ልይ ብሎ የሚመጣው ጥያቄ ለማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ካልተነገረው ይመልሰዋል።

እንግዲህ ምርመራው በቅደም ተከተል ይሁን።

በመጀመሪያ ለሰርቨሩ በቤት ውስጥ የማይለወጥ አድራሻ በራውተሩ ላይ ይመደብለት፤ በየቀኑ ጠረጴዛ ለሚቀይር ጸሐፊ ደብዳቤ ማድረስ አይቻልምና። ቀጥሎም በፖርት 32400 የሚመጣ ሁሉ ወደዚያ አድራሻ እንዲመራ ራውተሩ ይታዘዝ።

ሁለተኛ፣ ራውተሩ «ከውጭ የተሰጠኝ ነው» ብሎ የሚያሳየው አድራሻ፣ በዚያው ቤት ሆነን የኢንተርኔት አድራሻ በሚያሳይ ገጽ ላይ ከምናነበው ጋር ይመሳከር። ሁለቱ አንድ ከሆኑ ቀሪው ሥራ በቤት ውስጥ የሚያልቅ ነው። ቢለያዩ፣ በመካከል ሌላ መዝገብ ቤት አለ ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ያ ሁለተኛው መዝገብ ቤት የት እንዳለ ይጣራ። የራውተሩ አድራሻ በ192.168 የሚጀምር ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ በዚያው ቤት ሁለት ራውተሮች ተከታትለው ቆመዋል። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ ግን አገልግሎት ሰጪው አንዱን አድራሻ ለብዙ ደንበኞች አካፍሎታል። ይህም የመጣው ከእጥረት ነው። የቀድሞው የኢንተርኔት አድራሻ ጠቅላላ ብዛቱ 4,294,967,296 ሲሆን፣ ከዓለሙ መዝገብ የመጨረሻው ክፍል በ2003 ዓ.ም. ታደለ፤ ለዚሁ መጋራት የሚሆን ልዩ ቁጥርም በ2004 ዓ.ም. ተወሰነ። እንዲህ በሆነ ጊዜ በቤት ራውተር ላይ ቀኑን ሙሉ ቢደክሙ መንገዱ አይከፈትም። ወይ የራስ የሆነ አድራሻ ከአገልግሎት ሰጪው መጠየቅ፣ ወይም እንደ ቴይልስኬል ያለውን፣ ሁለቱን ቤቶች በተቆለፈ መንገድ የሚያገናኝ ፕሮግራም መጠቀም ይበጃል። እርሱም ቀጥታ መገናኘት ሲሳነው በአስተላላፊ ይዞራልና፣ ግንኙነቱ ቀጥታ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

አራተኛ፣ መንገዱ ተከፍቶም ሥዕሉ ቢደክም፣ ፊልሙ ከሚነሣበት ቤት የሚወጣው ፍጥነት ይለካ። የሚገባው ብዙ ሆኖ የሚወጣው ጥቂት የሆነበት መስመር ሞልቷል። እኔ ፍጥነት የገዛሁት ለተቀባዩ ቤት ነበረ፤ ላኪው ግን የእናቴ ቤት ነው።

አንድ ነገር እንዳይዘነጋ። ፕሌክስ ከሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የግል ፊልምን ከቤት ውጭ ለማየት ክፍያ ይጠይቃል። ስለዚህ ጭራሽ እምቢ ሲል ከመንገዱ በፊት ክፍያውን ማየት ይገባል። ደግሞም መንገድ ለመክፈት ሲባል የራውተሩን መከላከያ ሁሉ ማንሣት፣ ለአንድ እንግዳ ሲሉ አጥሩን እንደ ማፍረስ ነውና አይደረግ። የሚከፈተው አንዱ በር ብቻ ይሁን፤ የይለፍ ቃሉ ይጠንክር፤ ፕሮግራሙም በየጊዜው ይታደስ።

እኔ ለፋሲካ ወደ ባሕር ዳር በሄድሁ ጊዜ ይህን ሁሉ ተራ በተራ አየሁት። ጥፋቱ የራሴ ሆኖ ተገኘ። ለእናቴ ገመድ አልባው መስመር እስከ ጓዳ እንዲደርስላት ብዬ የገዛሁት ሁለተኛ ራውተር ነበረ መንገዱን የዘጋው። መስመር ማዳረሱን ብቻ ተውሁለትና መዝገብ ቤትነቱን ለመጀመሪያው አስረከብሁ፤ ፖርቱንም በዚያው ላይ አስመዘገብሁ። ሥራው ከአንድ ሰዓት አልበለጠም፤ አንድም ብር አልወጣበትም።

ወደ አዲስ አበባ ተመልሼ ፊልሙን ስከፍተው አባቴ ባርኔጣውን አንሥቶ ባልደረቦቹን ሲያመሰግን ቃል በቃል ተሰማ። ልጄም በዚህ ጊዜ የትኛው ነው ብላ አልጠየቀችም፤ «አያቴ እንዳንተ ነው የሚስቀው» አለችኝ።

ውድ አንባብያን፤ በየቤታችን የሰርግ፣ የምረቃና የወላጆች ድምፅ ተቀምጧል። ደብዝዞ ሲመጣ ፊልሙ ተበላሸ ብላችሁ አታዝኑ፤ ገንዘብ ለመጨመርም አትቸኩሉ። አስቀድማችሁ መንገዱ ከወዴት እንደ ተዘጋ ፈልጉ።