ቤቱ ቢጠብ ልባችን አይጥበብ

ቢስሚላሂር-ረሕማኒር-ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ። 

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ከተማ ኑሮ መጣበብ ነው። መጨናነቅ ሲባል ብዙዎቻችን አዲስ አበባን እናስባለን። የታክሲው ሰልፍ ይታወሰናል፤ ከ1997 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ ኮንዶሚኒየም እየተሠራ በዕጣ ቢታደልም ያልተቃለለው የቤት ችግርም እንዲሁ። ነገር ግን ጥበት በትንሽ ከተማም አለ። እኛ በዓይናችን ያየነው የሰቆጣውን ነው።

በ2013 ዓ.ም ክረምት ጦርነቱ ወደ ዋግ ኽምራ ከዘለቀ በኋላ ከአበርገሌና ከፃግብጂ ወረዳዎች ብዙ ሕዝብ ቀየውን ለቆ ወደ ሰቆጣና ወደ አካባቢው መጣ። የፍየል መንጋ የነበረው መንጋውን፣ እህል የነበረው ጎተራውን ጥሎ ነው የወጣው። ከፊሉ ወለህ መጠለያ ውስጥ በሸራ ሥር ሰፈረ፤ ከፊሉ ዘመድ ቤት ተጠጋ፤ ጥቂት ገንዘብ የያዘው ክፍል ተከራየ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ተፈረመ። ከዚያ ወዲህ ወደ ቀየው የተመለሰ አለ፤ ከተማው ውስጥ የቀረም አለ።

በዚያ ወቅት ለአንድ ቤተሰብ የተሠራ ግቢ ሦስትና አራት አባወራ ያዘ። አንዷ ክፍል በመጋረጃ ለሁለት ተከፈለች። አንድ ቧንቧና አንድ ሽንት ቤት ለሃያ ሰው ሆነ። የቤት ኪራይ ግን በየወሩ ሽቅብ ይወጣ ጀመር።

ይህን የምንናገረው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። በ2014 ዓ.ም እኛም በግቢያችን ያለችውን ሰርቪስ ከአበርገሌ ለመጣ አንድ አባወራ አከራይተን ነበር። ሰውየው ክርስቲያን ነው፤ ከሚስቱና ከአምስት ልጆቹ ጋር ገባ። ሦስት ወር እንዳለፈ ደላላ መጣና «ይህችን ቤት በእጥፍ የሚወስዳት አግኝቻለሁ» አለን። ልባችን ወላወለ። ኑሮ ተወዷል፣ እኛም ልጆች አሉን እያልን ለራሳችን ፈትዋ ሰጠን።

በዚያው ሳምንት የጁሙዓ ኹጥባችን ስለ አንሷሮች ቸርነት ነበር። ከመስጂድ ስንመለስ ሰውየው በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። ወሬውን ሰምቷል። «ሼሁ፣ ኪራዩን ይጨምሩ፤ ከየትም ብዬ እከፍላለሁ። አንድ ነገር ግን ልለምንዎት፤ ማታ ማታ ሽንት ቤቱን አያስቆልፉብን። ልጆቹ ሌሊት ወደ ሜዳ ሲወጡ ጅብ እፈራለሁ» አለን።

ሽንት ቤቱ ማታ እንደሚቆለፍ አናውቅም ነበር። የሚቆለፈው ግን ከእኛው ቤት ነው፤ ንጽሕናው እንዲጠበቅ ተብሎ። ሚንበር ላይ ቆመን አንሷሮችን ስናወድስ ቁልፉ በቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር! ኪራዩን ተውነው፤ ቁልፉንም በዚያው ቀን ለባለቤቱ ሰጠናት። ይህ ደግሞ የሚመሰገኑበት ሥራ አይደለም፤ የጎረቤት ሐቅ ነው።

ውድ አድማጮቻችን፣ የጎረቤት ሐቅ ሙስሊም ላልሆነውም የተገባ ነው። በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ የመካ ግፍ የበረታባቸው ሶሐባዎች ወደ ሐበሻ ሲሰደዱ ያስጠጋቸው ነጃሺ ያኔ የክርስቲያኖች ንጉሥ ነበር። እንግዳ ሆነው መጥተው በዚህ ምድር ጥላ ያገኙት ወገኖቻችን ናቸው። እንዴት እንረሳዋለን?

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ ያረፉት በአቡ አዩብ አል-አንሷሪ (ረ.ዐ) ቤት ነው። እሳቸው ከታች፣ አቡ አዩብና ባለቤቱ ከላይ ሆኑ። አንድ ሌሊት የውሃ እንስራ ቢሰበርባቸው ወደ ታች እንዳይንጠባጠብ ብለው ባለችቻቸው አንዲት የሌሊት ልብስ ውሃውን አደረቁት። ተጠጋግቶ የመኖር አደብ ይህ ነው። ከላይ ያለው ከታች ስላለው ሲያስብ ጠባቡ ቤት ይበቃል።

አላህ በሱረቱል ሙጃደላህ 11ኛ አንቀጽ በመቀማመጫ ስፍራ ለሌላው እንድናሰፋ ያዘናል፤ ለሚያሰፋም እርሱ እንደሚያሰፋለት ቃል ገብቷል። መኪና ላይ ለአዛውንት፣ ለነፍሰ ጡር፣ ልጅ ላዘለች እናት ወንበር መልቀቅ ከዚህ ይቆጠራል።

ይህ ሲባል ግን ትርፍ ይጫን ማለት አይደለም። ከሰቆጣ ወደ ወልድያ በሚሄድ ሚኒባስ ረዳቱ በወንበር መሐል ዱካ ደርድሮ ሰው ይጭናል። ትራፊክ ፖሊስ ሲታይ «ዝቅ በሉ» ይላል፤ እኛም አንገታችንን እንደፋለን። አድማጮቻችን፣ ያ አንገት መድፋት በሐሰት መተባበር ነው። በዚያ ተራራማ መንገድ ፍሬን ቢበጠስ የስንት ሰው ነፍስ ነው? ሾፌር የተሳፋሪው ነፍስ አማና አለበት፤ ተሳፋሪም ዝም በማለቱ ይጠየቃል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ቤት ያለን የኪራይ ውሉን በጽሑፍ እናድርገው። በ2016 ዓ.ም የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል። ውል መጻፍና ማክበር ደግሞ ለሙስሊም አዲስ ነገር አይደለም፤ ዲኑ ያዘዘው ነው። የተቸገረን ሰው ችግር አይተን ዋጋ አንስቀልበት። ተከራዮችም ቤቱን እንደ ራሳችን እንያዝ፤ ኪራዩን በቀኑ እንክፈል፤ ውሃና መብራት አናባክን።

ዛሬ ማታ ደግሞ እያንዳንዳችን አንድ ነገር እንፈትሽ። በግቢያችን ያለው ተከራይ ለመጠየቅ የሚያፍረው ምን ይሆን? ሳይጠይቀን እንስጠው። አላህ ቀብራችንን ያስፋልን፤ የተፈናቀሉትን በሰላም ወደ ቀያቸው ይመልስልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።