የቁስለኛውን ሰዓት ጻፉ

ዛሬ እዚህ ላሊበላ የምትመረቁ የጤና ባለሙያ ልጆቼ፣ በቀጥታ ወደ ጉዳዬ እገባለሁ።

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ዲጂታል ቴክኖሎጂና የወደፊቱ የውትድርና ሕክምና ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት በሠራዊት ሕክምና ውስጥ ስለሆነ ርእሱ ቤቴ ነው። «ከላሊበላ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ካለ ግን ታሪካችንን ያስታውስ። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ጦራችን በጣሊያን ከተሸነፈ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ መንገዳቸውን ወደዚህ አዙረው በእነዚህ አብያተ ክርስቲያናት ጸልየዋል። ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ ከተራሮቻችን ማዶ ቆረም አካባቢ፣ ዶክተር ጆን ሜሊ ይመሩት የነበረው የእንግሊዝ አምቡላንስ ቡድን በጣሊያን አውሮፕላን ተደብድቧል። ቀደም ሲል ታኅሣሥ ላይ ደግሞ በደቡብ ግንባር መልካ ዲዳ የሰፈረው የስዊድን ቀይ መስቀል ቡድን ተመሳሳይ ዕጣ ደርሶበታል። የራሳችን ቀይ መስቀል ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ከተቋቋመ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። ላሊበላ ያለችበት ላስታና አካባቢው ቁስለኛን፣ ሐኪምንና ከሰማይ የሚመጣን አደጋ አንድ ላይ ያየ አገር ነው። በእኛም ዘመን ይህ ምድር ከጦርነት አላረፈም፤ ከመካከላችሁ ወንድሙን ወይም አባቱን በቃሬዛ የተሸከመ እንዳለ አውቃለሁ።

ስለዚህ ርእሱ የእናንተ ነው። ወደ ሠራዊቱ የምትገቡት ጥቂቶች ብትሆኑም፣ ጤና ጣቢያ የምትመደቡት ሁሉ የጥይት ቁስል ማየታችሁ አይቀርም።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ወጣት የጤና መኮንን ሳለሁ፣ ከግንባር ራቅ ያለ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ተረኛ ነበርኩ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ወታደር በቃሬዛ ገባ። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በላይ በደም ማቆሚያ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። ግንባሩ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «8:30» ተጽፏል። ሌላ ወረቀት የለም፤ ካርድ የለም። ልጁ ራሱን ስቷል።

ተረኛው ቀዶ ሐኪም ግንባሩን አየ፤ የእጅ ሰዓቱን አየ። ሰዓቱ የሚሄደው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለነበር 4:30 ይላል። እግሩ ከጠዋቱ 8:30 ጀምሮ ታስሮ ከሆነ ስምንት ሰዓት ሞልቶታል ማለት ነው። ተምራችሁታል፤ እስከ ሁለት ሰዓት የታሰረ እግር ብዙውን ጊዜ ይተርፋል፤ ስድስት ሰዓት ካለፈ ግን ማሰሪያውን መፍታት ራሱ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ሐኪሙ «ለመቁረጥ አዘጋጁት» አለ። በያዘው መረጃ መሠረት ትክክል ነበር። ቢላዋና መጋዙ ተቀቅሎ ወጣ።

የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ግን ወደ በሩ ሄደች። ቃሬዛውን የተሸከሙት ጓዶቹ ግድግዳ ተደግፈው ውሃ ይጠጣሉ። «እናንተ ልጆች፣ ሲመታ ምሳ በልታችሁ ነበር?» አለቻቸው። «ከምሳ እንደተነሣን ነው እንጂ የተመታው» አሏት። ግንባሩ ላይ የተጻፈው 8:30 በእኛ አቆጣጠር ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ስምንት ተኩል። እግሩ የታሰረው ከሁለት ሰዓት በፊት ነው! የተቆረጠው የደም ሥር ተሰፋ፤ እግሩ ቀስ በቀስ ሞቀ። ያ ልጅ ከሆስፒታሉ በክራንች ወጥቷል፤ ኋላ ክራንቹንም ጥሎታል።

ይህን ታሪክ ያስረዘምኩት ሆን ብዬ ነው። ግንባር ላይ የነበረው ዕርዳታ ሰጪ ሥራውን በሚገባ ሠርቷል። ሐኪሙም ሥራውን ሠርቷል። በሁለቱ መካከል የነበረው መረጃ ግን ግማሽ ነበር፤ ግማሽ መረጃ ደግሞ እግር ያስቆርጣል። ዛሬ «የወደፊቱ ሕክምና» የምንለው ነገር ሁሉ ይህንን ክፍተት ለመድፈን የሚደረግ ጥረት ነው ብዬ አምናለሁ።

አሜሪካኖች ከ2001 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. በጦር ሜዳ የሞቱባቸውን 4,596 ወታደሮች አንድ በአንድ መረመሩ። አብዛኞቹ የሞቱት ሆስፒታል ሳይደርሱ ነው። ሆስፒታል ሳይደርሱ ከሞቱት ሩብ ያህሉ መትረፍ ይችሉ ነበር፤ መትረፍ ይችሉ ከነበሩትም ከአሥሩ ዘጠኙን የገደላቸው የደም መፍሰስ ነው። ልብ በሉ፣ ይህን ማወቅ የቻሉት ስለጻፉ ነው። ያልተመዘገበ ሞት አያስተምርም።

ዛሬ በዚያ አገር ሠራዊት ዕርዳታ ሰጪው በእጁ ባለ ስልክ የቁስለኛውን የልብ ምት፣ የተሰጠውን መድኃኒት፣ እግሩ የታሰረበትን ደቂቃ መመዝገብ ይችላል፤ ሐኪሙም ቁስለኛው ሳይደርስ ሊያነበው ይችላል። ኪስ የሚገባ አልትራሳውንድ ከስልክ ጋር ተያይዞ ሆድ ውስጥ የሚፈስ ደምን ያሳያል። ሩዋንዳ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደምን በድሮን ወደ ገጠር ሆስፒታሎች ትልካለች፤ ሩዋንዳም እንደ እኛው ኮረብታማ አገር ናት። በእኛም አገር በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከወፍራሙ የቤተሰብ ማኅደር ወደ ታብሌት እየተሸጋገረ ነው። ጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበት፣ ባሕር ማዶ የተሠራ የመረጃ ሥርዓት በእኛ የዘመን አቆጣጠር መሥራት ይችላል። ባሕር ማዶ የተሠራ መሣሪያ የእኛን ቀንና ሰዓት እንዲያውቅ ማድረግ ይቻላል ማለት ነው። መሣሪያ ሲመጣላችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት ይህንኑ ይሁን፦ በየትኛው ሰዓት ነው የሚቆጥረው?

ሁለተኛው ጥያቄያችሁ ደግሞ «መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ ምን ይሆናል?» የሚል ይሁን። ይህን ለላሊበላ ልጅ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ይህች ከተማ ለወራት ያለ መብራትና ያለ ስልክ ኖራለች፤ በሰሜን ወሎ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ተዘርፈዋል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ ነበር። ባንክ ቤት «ሲስተም የለም» ስንባል ነገ እንመለሳለን። ደሙ የሚፈስ ሰው ነገ አይመለስም። ስለዚህ መረጃን በራሱ ይዞ የሚቆይ፣ በፀሐይ ብርሃን የሚሞላ፣ ኔትወርኩ ሲመጣ የሚልክ መሣሪያ ጠይቁ። ከጎኑም ወረቀትና እስክሪብቶ ይኑር። ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጥግ ቁስለኛ ተሸክሞ ለሚወርድ ሰው ከቃሬዛው ጋር የታሰረች አንዲት የወረቀት ካርድ የትኛውንም ሰርቨር ትበልጣለች።

ሌላም ነገር አለ። በ1928 ዓ.ም. የሕክምና ቡድኖቹ የተደበደቡት የቀይ መስቀል ምልክቱ ድንኳኖቻቸው ላይ እየታየ ነው። ዛሬ አብራሪው ድንኳኑን ማየት እንኳ አያስፈልገውም፤ በዩክሬን ጦርነት የስልክ ምልክት ብቻውን የሰዎችን መገኛ አጋልጧል። መረጃ የሚልክ ታብሌት ያለንበትን ቦታም ይናገራል። መቼ ዝም ማሰኘት እንዳለባችሁ እወቁ።

አሁን ትንሽ ልቆጣ፤ እንደ አባት ታገሡኝ። ቁስለኛን ፎቶ አንሥታችሁ ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ የምትለጥፉ ጤና ባለሙያዎች አላችሁ። አይቻለሁ። ፊቱ ይታያል፤ የደንብ ልብሱ ይታያል። እናቱ የልጇን መቁሰል ከማታውቀው ሰው ስልክ ላይ ማየት አለባት? በዚህ ወንድም ከወንድም በተዋጋበት አገር ያች ፎቶ ነገ የሰው ነፍስ ልታስጠፋ ትችላለች። የቁስለኞች ዝርዝርም እንዲሁ ነው። ማን የት ቆሰለ፣ ማን አከመው የሚለው መዝገብ ለሕክምና ካልሆነ ለማንም መዋል የለበትም። ይህ የእኔ የሽማግሌ ምክር ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ የጄኔቫ ስምምነቶችን ተቀብላለች፤ ቁስለኛ በሕመሙ እንጂ በወገኑ አይለይም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። አንብቡት፤ በየሥራ ቦታችሁ አስነብቡት።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ኤክስሬይ ያነብላችኋል፤ ይህን አትፍሩ። ነገር ግን የሚያነበው የተጻፈለትን ነው። ወረፋ ሲበዛ ሰዓቱን ሳይጽፍ የሚያልፍ ነርስ፣ መድኃኒቱን ሰጥቶ መጠኑን የማይመዘግብ የጤና መኮንን፣ ማንም የማያነበውን የእጅ ጽሑፍ ሪፈር ላይ የሚያሰፍር ሐኪም፣ የዓለምን ምርጥ ኮምፒውተር ቢሰጡት ያው ነው። ለዚህም ነው ዕድሜዬን በሙሉ «ጻፉ» ስል የኖርኩት፤ ዛሬም የምለው ይህንኑ ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁን ለዚህ ስላበቃችሁ አመሰግናችኋለሁ። ላስታ ለአገሩ ብዙ ወታደር ሰጥቷል፤ ዛሬ ደግሞ የወታደሩንም የገበሬውንም ቁስል የሚያክሙ ልጆች ሰጥቷል። ልጆቼ፣ ቁስለኛ ሲያጋጥማችሁ ደሙን አቁሙ፤ የታሰረበትን ሰዓት ጻፉ፤ ጠዋት ወይም ከሰዓት ብላችሁ ጨምሩበት፤ ምስጢሩን ጠብቁለት። እግዚአብሔር እጃችሁን ይባርክ፣ ለአገራችንም ሰላሙን ያውርድልን።